ፈዬራ የደፈነው ነፋስ

ግንበኛው ፈዬራ በዚህ ዓለም ላይ የሚጠላው ነገር አንድ ነው፤ ክፍተት። በሁለት ድንጋይ መካከል ማልታ ያልደረሰው ቀዳዳ ካየ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘዋል። ሰው ቤት ምሳ ተጠርቶ፣ እጁን ሊታጠብ በወጣበት የባለቤቱን አጥር በጣቱ ሲዳብስ ይገኛል። ሚስቱ ቡዜ፣ ግንብ የሚያይበትን ዓይን ለእሷ ቢያውለው ኖሮ ፀጉሯ የሸበተበትን ቀን ይነግራት እንደነበር ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ገንብቷል። አዳማ ውስጥ በድንጋይ ከቆመው ግንብ እኩሌታው የእሱ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም፤ ቢገኝም ራሱ ፈዬራ ነው፣ እኩሌታው አነሰ ብሎ። ሥራውን ከሌላው የሚለይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሲሚንቶና አሸዋ የተቦካበትን ማልታ ከድንጋዩ ፊት ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብቶ ይተወዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ድንጋዩ ያለ ምንም ማጣበቂያ፣ በገዛ ፈቃዱ ተቀምጦ የተስማማ ይመስላል፤ በመካከሉ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ማልታውን ለማግኘት ጣት መስደድ ያስፈልጋል። «የፈዬራ ግንብ» የሚባለው ይኸው ነው።

ሉሊት የጎረቤቱ የወይዘሮ መሰለች ልጅ ናት። በእሱ የአሸዋ ክምር ላይ ስትንሸራተት ያደገች፣ ኋላ ሕንፃ መንደፍ ተምራ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርታ ወደ አዳማ የተመለሰች። አርክቴክት ነኝ እያለች ብትደክምም ሠራተኛው ሁሉ ኢንጂነር ይላታል፤ በእኛ ዘንድ ወረቀት ይዞ ፀሐይ ላይ የቆመ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ፈዬራም ሰፈር ውስጥ «ሉሊ»፣ ሥራ ቦታ «ኢንጂነር» ይላታል፤ አንዳንዴ ተምታቶበት «ኢንጂነር ሉሊ» ብሎ ያርፈዋል።

ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ለሚሠራው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእሷ ንድፍ ተመርጦ፣ ግንበኛውም ፈዬራ እንዲሆን የተቆረጠ ዕለት መሰለች በማለዳ መጥታ በሩን አንኳኳች። አልቀመጥም አለች። «አደራ ፈዬራ» አለችው። «ልጄ ገና ናት። ያላየችውን እይላት፤ ሰው ፊት እንዳታፍርብኝ።» እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለ። ያን ጊዜ ቀላል ነገር መስሎት ነበር።

ሉሊት ሥዕሉን የፒካፕ ኮፈን ላይ ዘርግታ ያሳየችበትን የመጀመሪያውን ቀን አይረሳውም። ሕንፃው ቀጥ ያለ አልነበረም። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ ያንን ግራር እንደ ሽማግሌ ከበው የተቀመጡ ናቸው። ፈዬራ ዛፉን ቆርጦ ግንቡን ቀጥ ማድረግ ሥራ እንደሚያቀል ነገራት። ዛፉ ቀድሟቸው የመጣ ስለሆነ እነሱ ቢዞሩለት ይሻላል ብላ መለሰችለት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት ዛፍ ሲያስቆርጥ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ዞር ብሎ ግራሩን አየው፤ ሰው ያህል አክሎ ታየው።

ድንጋዩ ከዚያው ከቦሰት ተራራ ሥር እንጂ ከሩቅ አይመጣም። ጣራው ነጭ ነው። በጣራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጠብታው ሳይባክን ከግቢው ሥር በተቆፈረ ጋን በሚያክል፣ ኧረ ቤት በሚያክል ጉድጓድ ይጠራቀማል። ለምን ቢላት፣ የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ የልጆችን ጥርስ ስለሚያበልዝ ልጆቹ የሰማይ ውሃ እንዲጠጡ ነው አለችው። ፈዬራ የተወለደው እዚያው ቦሰት ነው፤ ጥርሱም እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ ቡናማ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የጥርሱን ቀለም ከፈጣሪ የተሰጠ መልክ አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። በጣራ ሊከለከል ይችል የነበረ ነገር መሆኑን ሲሰማ ኮፈኑን ደገፍ ብሎ ጥርሱን በምላሱ ዳበሰ።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥ አለው። በክፍሎቹ ውስጥ ቬንትሌተር የሚባል የለም። በግንቦት ወለንጪቲ ዶሮዋ እንኳ ጥላ ሳታገኝ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቹስ? ሉሊት ሳቀችና ቤቱ ራሱን በራሱ እንደሚያቀዘቅዝ፣ መሠረቱ ላይ ሲደርሱ እንደምታስረዳው ነገረችው። ሥራው ሲያልቅ የአረንጓዴ ሕንፃ ማረጋገጫ የሚሰጥ ድርጅት መጥቶ ይመዝነዋል። ካለፈ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሌሎች ሦስት ትምህርት ቤቶች በእሷው ንድፍ ይሠራሉ። ካላለፈ፣ የቆርቆሮና የብሎኬቱ ንድፍ በኃላፊዎቹ መሳቢያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

መሠረቱ ላይ ሲደርሱ ግን ፈዬራ አልነበረም። አርሲ ነገሌ ያለችው እኅቱ አርፋ ለቅሶ ሄደ፤ ሳምንት ቆየ። ሥራውን ለረዳቱ ለኢተፋ ትቶለት ነበር። ኢተፋ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ ሰው ነው።

ፈዬራ የተመለሰው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ሐዘኑን እንደያዘ በቀጥታ ወደ ሥራው ሄደ፤ ሌላ መጽናኛ አያውቅም። ግንቡን ዞረ። በስተምሥራቅ፣ ወደ ቦሰት በሚያየው ወገን፣ ከመሬት ብድግ ያሉትን ሁለት ረድፎች ሲያይ ልቡ ከሁለት ተከፈለ። በየድንጋዩ መካከል ሦስት ጣት የሚያሳልፍ ባዶ ቀዳዳ። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው ይባላል። ቆጠረው፤ መቶ አርባ ሁለት።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አሰበ። ኢተፋ ቸኩሏል ማለት ነው፤ ሉሊም አላየችም። ሰኞ በሠራተኛ ፊት ቢናገር፣ ኢተፋ በስተርጅናው ይዋረዳል፤ እሷንም «ኢንጂነሯ ዓይኗ የት ነበር?» ይሏታል። ለብቻዋ ጠርቶ ቢነግራት ደግሞ ገና በመጀመሪያ ሥራዋ ወኔዋ ይሰበራል። ገመና የሚሸፈነው ሳይጠየቅ ነው፤ ከተጠየቀማ ተወራ ማለት ነው። አደራው ትዝ አለው። ያላየችውን እይላት፣ አይደል የተባለው?

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከአዳማ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። እግዜር ገመና ለሚሸፍን ሰው ሰንበትን እንደማይቆጥርበት መንገድ ላይ ራሱን አሳምኗል። ጥበቃውን ቤተ ክርስቲያን ተሳለም ብሎ አሰናበተው፤ ጥበቃው በሕይወቱ እንዲህ ያለ መንፈሳዊ አሠሪ አጋጥሞት አያውቅም። ከዚያ ማልታውን አቦካ፤ ቀለሙ ከድንጋዩ ጋር እንዲሄድ ቀይ አሸዋ ጨመረበት፤ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ይደፍን ጀመር። በየቀዳዳው በስተኋላ ጥሩ የሽቦ ወንፊት ተወጥሮ ነበር። ማልታው ወደ ኋላ እንዳይፈስ ኢተፋ አስቦ ያደረገው መሰለውና፣ ከነስንፍናውም ቢሆን አመሰገነው።

እጁ እንደለመደው ማልታውን ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጨርስ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለከተ። ጥላው እንደነበረ ነው፤ የተደፈነው ካልተደፈነው አይለይም። ራሱ እንኳ የት እንደጀመረ አላወቀውም። በስውር እንደመጸወተ ሰው ልቡ ቀሎት ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ በዚያ በኩል የአሸዋና የድንጋይ ክምር ተራገፈበት። ኋላም ክምሩ ሲነሣ ሬት ተተከለበት፤ ወደ ግንቡ የሚጠጋ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ በሚያዝያ አለቀ። ከመንገዱ ላይ የሚያልፉ ሾፌሮች እንኳ ቀዝቀዝ ብለው ያዩት ነበር። ቀዩ ግንብ ከተራራው ተቆርጦ የወጣ እንጂ ሰው የሠራው አይመስልም። ጠዋት ጠዋት የግራሩ ጥላ በክፍሎቹ ላይ ተራ በተራ ያልፋል፤ የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርስ ቀትር ይሆናል። ፈዬራ ሥራ ሳይኖረው እየመጣ ሲያየው ይውላል። የሚሄደው ወደ ሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ ቡዜ በጥፊ ትገላገላት ነበር፤ ትምህርት ቤትን ግን ምን ታደርገዋለች?

ከዚያ ግንቦት ገባ።

አብዱልሃኪም የሚባለው ገምጋሚ በሳምንቱ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መጣ። ረጋ ያለ፣ ከሚናገረው ይልቅ የሚጽፈው የሚበዛ ሰው ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ ነጫጭ የሙቀት መለኪያዎች በየክፍሉ ሰቀለ፤ አንዱን ደግሞ ውጭ ግራሩ ላይ። እስከ ዓርብ ቀትር ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ሪፖርቱ ይጻፋል። ሰኞ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሎቹ ዳቦ ቤት ሆኑ። ዳይሬክተሯ ሑስና ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ቢሆንም ግንባሯን በመሐረብ እየጠረገች፣ ነገር ሳይበላሽ ቬንትሌተር ብናስገባ አለች። ቬንትሌተር ከገባ ግን ማረጋገጫው የለም፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል።

ሉሊት ገምጋሚውን፣ ዳይሬክተሯን፣ ለማጠናቀቂያ ሥራ የቀሩትን ሠራተኞች ሁሉ አስከትላ ወደ ምሥራቁ ግንብ ወሰደቻቸው። ሬቱ ገና ውሃ እንደጠጣ ስለነበር ከአፈሩ ወዲህ ቆሙ። ፈዬራ ከሰው ኋላ ነበር። በጣቷ ታችኞቹን ሁለት ረድፎች እያሳየች ተናገረች።

«አየሩ የሚገባው በእነዚህ ክፍተቶች ነው። ሌሊት ከቦሰት የሚወርደው ነፋስ በዚህ ገብቶ ከወለሉ ሥር በጠጠር ወደተሞላው ቦይ ይሄዳል። ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲጠጣ ያድራል። ቀን ደግሞ ፀሐይ ጣራ ላይ ያሉትን ጥቁር ጭስ ማውጫዎች ታሞቃቸዋለች፤ የክፍሉ ሙቀት በእነሱ ሽቅብ ይሸሻል፤ በእሱ ቦታ ከወለሉ ሥር ቀዝቃዛው ይወጣል። ፀሐይዋ በበረታች ቁጥር ቤቱ ይበርዳል። የምታቃጥለን እሷ፣ የምታቀዘቅዘንም እሷው።»

ፈዬራ መጀመሪያ የተሰማው ድንጋጤ አልነበረም፤ ያ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣበት፣ ልጅ ሆኖ ሌሊት ሜዳ ላይ ተኝቶ ከዋክብትን ባየ ጊዜ የተሰማው ዓይነት ነገር ነበር። ጠጠሩ ከወለሉ ሥር ለምን እንደገባ፣ ወለሉ ላይ ለምን የብረት ፍርግርግ እንዳለ፣ ጭስ በሌለበት ቤት ጭስ ማውጫ ለምን እንደቆመ፣ ስምንት ወር በገዛ እጁ ሲሠራው የኖረው ሁሉ በአንድ አፍታ አንድ ላይ ተገጣጠመለት። ፀሐይን ገመድ አስረው ነፋስ ያስጎትቷታል። ይህንን ያሰበችው ያቺ በአሸዋው ክምር ላይ የምትንሸራተተው ልጅ ናት። ለአንድ አፍታ ደስታው እንባ ሊያመጣበት ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲያ ነው ዓይኑ ጥቁሮቹ ጥላዎች ላይ ያረፈው። እሱ ለቅሶ ላይ ሳለ ለኢተፋ የተነገረው ይህ ነው፤ የነፋሱ አፍ እነሱ ናቸው። መቶ አርባ ሁለቱም።

አብዱልሃኪም በእጁ የያዘውን መለኪያ እያየ፣ ሐሳቡ የሚደነቅ መሆኑን፣ ግን ውጭ ሠላሳ አራት ዲግሪ ሲሆን ውስጥ ሠላሳ ሦስት ተኩል እንደሆነ በለሆሳስ ተናገረ። ሉሊት ሒሳቡን ደግማ እንደምታየው ነገረችው። ድምፅዋ ግን ከቅድሙ አንሶ ነበር።

ፈዬራ ለማንም ሳይናገር ሚኒባስ ተሳፍሮ አዳማ ገባ። ቡዜ ያቀረበችለትን እራት ሲያንከባልል አይታ መታመሙን ጠየቀችው፤ ሁሉንም ነገራት። እሷም መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቱን አየችና ተወች። ሐሳብ መጣለት፤ በመጪው እሑድ ጥበቃውን እንደገና ቤተ ክርስቲያን ልኮ በስውር ቢከፍተውስ? በስውር የገባ በስውር ቢወጣስ? ዳሩ ግን መለኪያው ዓርብ ያበቃል። መቶ አርባ ሁለት ቀዳዳ በመሮ መፈልፈል ደግሞ ለሦስት ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ጩኸቱም ወለንጪቲ ገበያ ድረስ ይሰማል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ልጅቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ፣ ሐሳቤ ስህተት ነበር፣ እያለች ትኖራለች።

«ነገ ማለዳ ለብቻዋ እነግራታለሁ» አላት።

ቡዜ ሳህኑን አነሣች። «ለብቻዋ ከነገርካትማ ትሸፍንልሃለች። የመሰለች ልጅ አይደለች? ጥፋቱን ራሷ ተሸክማ፣ አንተን አባቴ ብላ ዝም ትላለች። አስተዳደጓን አላውቀውም?»

«እና በሰው ፊት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ግንበኛው አንተ ነህ።»

ፈዬራ ግቢው ውስጥ ብዙ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያቆመው ስሙ ነበር ከፊቱ ያለው። የኢንጂነር ሥራ ያበላሸ ግንበኛ ከዚህ በኋላ «ደፋኙ ፈዬራ» ነው፤ አዳማ ቅጽል ስም ስትሰጥ አትሰስትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሲደርስ ሉሊት ሦስተኛው ክፍል ወለል ላይ ሥዕሎቿን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ሑስናና አብዱልሃኪም አጠገቧ ቆመዋል፤ ኢተፋና ሁለት ሠራተኞች በር ላይ። ሉሊት ለሑስና፣ የጠጠሩን መጠን ሳትሳሳት እንዳልቀረች፣ ልጆቹ በእሷ ስህተት መቃጠል ስለሌለባቸው ቬንትሌተሩ እንዲገባ፣ የማረጋገጫ ጥያቄውንም ዛሬውኑ በደብዳቤ እንደምትስብ እየነገረቻት ነበር። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው።

ፈዬራ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አትጻፊ» አላት። «ነፋሱን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱም ከለቅሶው መመለሱን፣ ክፍተቱን ማየቱን፣ ሰንበቱን፣ ቀይ አሸዋውን፣ አንድም ሳያስቀር፣ ወለሉን እያየ ተናገረ። የሽቦ ወንፊቱ ላይ ሲደርስ ኢተፋ አፉን ከፈተ።

«ኦቦ፣ ሽቦውን ለምን ያደረግን መሰለህ?»

«ማልታ እንዳይፈስ።»

«እባብ እንዳይገባ ነበር እኮ» አለ ኢተፋ። ሊስቅ ብሎ ነበር፤ የሚስቅ ሲያጣ ተወው።

ሉሊት ተነሥታ ወጣች፤ እነሱም ተከተሏት። በሬቱ መካከል ጫማዋ ጭቃ እስኪውጠው ተራምዳ ግንቡ ሥር ተንበረከከችና ጣቷን ወደ ጥቁሩ ጥላ ሰደደች። ሁለተኛው አንጓ ላይ ቆመ። ሌላው ቀዳዳ ላይ ሞከረች፤ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ጣቷን እዚያው እንዳስገባች፣ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ቆየች። ፈዬራ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ፤ ትጮኻለችም ብሎ ጠበቀ።

«ሒሳቤ ልክ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለግንቡ እንደምትነግረው። ከዚያ ዞር አለች። «ለምን አልጠየቁኝም ጋሼ? አንድ ቀን፣ ይኼ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«እናትሽ አደራ ብላኝ ነበር። ያላየችውን እይላት ብላ።»

«ከዚህ ግንብ ላይ ያላየሁት እኮ እርስዎ የሠሩትን ብቻ ነው።»

ይህኛው ከስድብ ሁሉ ይብሳል፤ ፈዬራም ተቀበለው።

አብዱልሃኪም ጉሮሮውን ጠረገ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልኬት መተው የሚችለው ምክንያቱ ከተጻፈ ብቻ መሆኑን ነገራቸው፤ ከዓርብ ቀትር ወዲያ ግን ሌላ ዕድል የለም። ሉሊት ወደ ፈዬራ በጨረፍታ አየችና፣ በግንባታው ወቅት ክፍተቶቹ በቆሻሻ ተደፍነው ነበር ብሎ ቢጽፍ እንደሚበቃ ተናገረች። ቡዜ ያለችው ደረሰ፤ ልጅቷ ጭቃ ውስጥ እንደቆመች ልትሸፍንለት ነው።

«ቆሻሻ ቀለም መርጦ አይደፍንም» አለ ፈዬራ። «ግንበኛው ፈዬራ ሳይጠይቅ ደፈነው ብለህ ጻፍ።»

አብዱልሃኪም ሉሊትን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። «የአባት ስም?» አለ፤ ጻፈውም።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ፈዬራ ራሱ ጀመረው። መሮው ነጥሮ ተመለሰ። ደገመው፤ ጭረት ብቻ ወጣው። ማልታውን በልኩ አቡክቶ፣ በልኩ ውሃ አጠጥቶ፣ ጠቅጥቆ ነበር የሠራው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ጥሩ በመሆኑ ተቆጨ። ኢተፋ ከጎኑ ተንበርክኮ መዶሻውን እያነሣ፣ ያን እሑድ ትንሽ ሲሚንቶ ብትሰስት ምን ነበረበት፣ ሌላው ሰው ሲሰስት አላየህም ወይ፣ እያለ ቀኑን ሙሉ አላረፈም። ከሰዓት ላይ ሉሊትም መሮ ይዛ መጣች። ትሠራለች፤ ፈዬራን ግን አታናግረውም። ረቡዕ ቀትር ላይ ነው ውሃ የያዘ ጆግ ያለ ቃል ያቀበለችው። እሱም ጠጥቶ፣ ያለ ቃል መለሰላት። ከዚያ በኋላ መዶሻው የቀለለው መሰለው።

ረቡዕ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻው ተከፈተ። ግንቡ ሥር ሁለት ቀን ሙሉ የተፈለፈለው ዱቄት ተከምሯል። ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ቆመው ሳሉ፣ ያ ዱቄት በቀስታ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ከላዩ ቀጭን ጭስ መሳይ ነገር ተነሣ። ከዚያ በየቀዳዳው አቅጣጫ ተሰልፎ፣ ጉንዳን ወደ ጉድጓዱ እንደሚገባ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ነፋስ በጆሯቸው አልሰሙም፤ ሣር እንኳ አልተነቃነቀም። ግንቡ ብቻ ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል። ኢተፋ፣ ያ ምላሱ የማያርፈው ሰው፣ «ዋቀዮ» ብሎ አምላኩን በአንዲት ቃል ብቻ ጠራ።

ሁለት ሌሊት ድንጋዩ ብርዱን ጠጣ።

ዓርብ ያቺ ፀሐይ ምሕረት አልነበራትም። አስፋልቱ ላይ አየሩ ይርገበገባል፤ ፍየሎቹ በግንቡ ጥላ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተለጥፈዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ሦስተኛው ክፍል ሄዱ። ፈዬራ የመጨረሻ ሆኖ ገባ።

ከወንዝ ዳር ዋሻ የገባ መሰለው። ብርዱ እንደ መስኮት ነፋስ ፊት ላይ አይመታም። ከቁርጭምጭሚት ይጀምራል፤ በሱሪ ውስጥ ወደ ጉልበት ይወጣል፤ ላብ የያዘው ጀርባ ላይ ሲደርስ ሰውነት ሁሉ ጸጥ ይላል። ሽታም ነበረው፤ የእርጥብ ድንጋይና ሌሊት ተራራ ላይ ያለ የሣር ሽታ። ትናንት ሌሊት ቦሰት ላይ የነበረው አየር ነው ይህ፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በግንቦት፣ ወለንጪቲ ውስጥ። ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ ባርኔጣ አወለቁ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። ሉሊት ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች።

አብዱልሃኪም ነጯን ሳጥን ከግድግዳው አውርዶ አየ። ውጭ ሠላሳ አምስት፤ ውስጥ ሃያ አራት። ተሳስቶ እንደሆነ ሌላኛዋን አየ፤ እሷም ያንኑ አለች። ከመጣ ጀምሮ የማይለየውን እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ ከተተና መምህራን የሚቆሙበት ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ለሥራ የተቀመጠ አይመስልም ነበር።

ሑስና ከነጋዴ የተቀበለችውን የቬንትሌተር ዝርዝር ይዛ ነበር የመጣችው። እሱን አጣጥፋ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጥቂት ቆይታ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረገች፤ ሌላ ጥቂት ቆይታ ደግሞ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት አይበዛባቸውም ግን?» አለች በለሆሳስ። «ጥቂቱን ብትደፍኑት?»

ኢተፋ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሉሊትም ዓይኗን ገለጠች፤ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሁሉም ወደ ፈዬራ ዞሩ።

ፈዬራ አልሰማቸውም። የብረት ፍርግርጉ አጠገብ በጉልበቱና በክርኑ ተደፍቶ፣ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ ነበር። ኢተፋ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሚሰማው ጠየቀው። ሽማግሌው ቀና ሳይል አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም እንዲሉ ለመናቸው። ከወለሉ ሥር፣ ከሩቅ፣ በጠጠሩ መካከል አንድ ነገር ያለ ችኮላ ይመጣ ነበር።